ለደብሪቱ ቦታ ያልተገኘበት ባዛር

ቆሰበር ውስጥ የማን ፈረስ እንደሚያነክስና የማን ልጅ ማንን ሰርቃ እንደምታይ ሳይወራ የሚውል ቀን የለም። መምህር ዓለምነውና ዋጋዬ ግን ዓመት ሙሉ ሲዋደዱ ማንም አላወቀባቸውም። ቢያንስ እነሱ እንደዚያ ይመስላቸው ነበር።

ዋጋዬ የግራዝማች አዝመራው ልጅ ናት። ግራዝማች ሰፊ ርስት ያላቸው፣ ሲቆጡ ውሻው እንኳ ከግቢ የሚወጣ ሰው ናቸው። ለዚህች አንድ ልጃቸው ግን እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ዳንግላ ስምንተኛ ክፍል አስጨርሰዋት፣ አሁን በትምህርት ቤቱ ለሴቶች ልጆች ጥልፍ ታስተምራለች። ዓለምነው ደግሞ ቁመናውም ንግግሩም ያማረ ወጣት መምህር ነው። አገሩን ሲጠይቁት «ወደ ጫግኒ በኩል ነው» ይላል። ወደ ጫግኒ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነውና የፈለጉትን ያህል መንደር ይይዛል።

እውነቱን እኔ ልንገራችሁ። የዓለምነው አገር ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ አጠገብ ነው። አባቱ ሞቷል። እናቱ ደብሪቱ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ጭቃ ረግጣ፣ ድስት ሸጣ ነው ያስተማረችው። በዚያን ጊዜ ደግሞ የሸክላ ሠሪ ድስት ከማንም ቤት አይጠፋም፣ ሸክላ ሠሪዋ ግን ከማንም ደጅ አታልፍም። ዓይኗ ይበላል እየተባለ ማዕድ ይሸፈንባታል። ዕቃ እንኳ ከእጇ አይቀበሏትም፤ እሷ መሬት ታስቀምጣለች፣ ገዢው ከመሬት ያነሳል። ዓለምነው ይህን እያየ ያደገ ልጅ ነው። ዋጋዬ ብታውቅ ያን ዕለት ፊቷን ታዞርብኛለች ብሎ ያምን ስለነበር፣ በየወሩ ተደብቆ እናቱን ጠይቆ ይመለሳል እንጂ ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ዋጋዬ ግን አውቃ ነበር። ባለፈው ክረምት መውጫ ግምጃ ቤት ገበያ ወርዳ ገንቦ ስትመርጥ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቀና ስትል ዓለምነውን ያየች መሰላት። ያው ግንባር ነው። ሲስቁ አንገት ዘንበል ማድረጉም ያው ነው።

«ልጅ አለዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«አንድ ወንድ አለኝ እመቤቴ። መምህር ነው» አለች ደብሪቱ ፊቷ በርቶ። ወዲያው ግን የማይገባ ነገር እንደተናገረ ሰው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዋጋዬ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ተመለሰች። ያለቀሰችው የሸክላ ሠሪ ልጅ በመውደዷ አልነበረም። ይህን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኗ ሲስቅ በመኖሩ ነበር። ራሱ ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። መስከረም አልፎ ታኅሣሥ ገባ፤ ዓለምነው አልነገራትም።

ባዛሩ የመጣው በዚህ መካከል ነው።

የትምህርት ቤቱ የሣር ጣሪያ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈስሳል። ከጥምቀት በኋላ ትልቅ ባዛር ተደርጎ በገቢው ቆርቆሮ ይልበስ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ግራዝማች አዝመራው፣ ዝግጅቱን የሚያወጣው መምህር ዓለምነው፣ የሴቶቹን ሥራ የምትይዘው ዋጋዬ ሆኑ። በከተማው ብቸኛው ባለግራማፎን ባለሱቁ ሀብቱም እኔ ካልተጨመርኩ ግራማፎኑን አላውስም ብሎ ገባ።

ዓለምነው ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆመ። እንዲህ ያለው ነገር ተሰጥኦው ነበር።

«ባዛር ማለት ማንም ሰው መጥቶ የሚወደውን ነገር የሚያገኝበት ነው» አለ። «ሽማግሌው ጉግስ ያያል። ጎረምሳው ትግል ይገጥማል። ወላጅ ልጁ ቴአትር ሲሠራ ሊያይ ይመጣል፤ ከመጣ ቶምቦላ ይቆርጣል፤ ዕጣው በግ ነው። እናቶች በጥልፉና በቀርከሃው ሥራ በኩል ያልፋሉ። ግራማፎኑ ከፈረሶቹ ይራቅ፤ ፈረስ ዘፈን አልለመደም። ጠጁም ከቴአትሩ ይራቅ፣ አለዚያ ተመልካቹ ሁሉ ተዋናይ ይሆናል።»

ሳቁ። ግራዝማችም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ዋጋዬ አንገቷን ደፍታ ክር የምትፈትል መስላ በዓይኗ ተከተለችው። ለሁሉም ቦታ ያውቅለታል፣ ብላ አሰበች። ይሄኔ ነው ድፍረቱ የመጣላት።

«ሸክላ ሥራ ቢጨመርስ?» አለች። «ሠሪዋ እዚሁ ተቀምጣ፣ ጭቃው በእጇ ላይ ድስት ሲሆን ሰው ቢያይ። ግምጃ ቤት አንዲት ባለሙያ አውቃለሁ።»

የኮሚቴው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ሸክላ ከተፈለገ እኔ ዘንድ ሞልቷል፤ ያውም የሚዘፍን!» አለ ሀብቱ፣ ነገሩን በሳቅ ለማለፍ።

ዓለምነው ግን አልሳቀም። ፊቱ እንደያዘው ጠመኔ ነጥቶ ነበር። «አይሆንም» አለ ቶሎ ብሎ። «ሰው... ሰው የሚበላበት ቦታ ነው። ይሸሻል።»

የገዛ ድምፁን ሰማ። ልጅ ሳለ በእናቱ ላይ ሲወረወር የሰማውን ቃል ነበር የተናገረው። የዋጋዬ ክር ከእጇ ወደቀ።

ግራዝማች ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «አንተ የተማርከው እንዲህ ካልክ እኛ ምን ልንል ነው? ልጄ ካለች ይግባ። ቦታውን አንተ ፈልግ።»

ስብሰባው ሲበተን ዋጋዬ በቀርከሃው አጥር ጥግ ጠበቀችው። ሀብቱ በዚያ ሲያልፍ ቆም አለና «መምህር፣ ለመሆኑ ከማን ወገን ነህ? ግምጃ ቤት ሲባል እኮ ደነገጥክ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች!» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ለቀልድ እንጂ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዓለምነው ግን የሚያውቅ መሰለው።

«ዓለምነው» አለችው ዋጋዬ ቀስ ብላ። «ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር የለም?»

«ምን?»

«እንጃ። ማንኛውንም ነገር። የፈለገ ቢሆን አልሸሽም።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ቀርቶት ነበር። ትንፋሹን ዋጠው።

«ምንም የለም፤ ሥራው በዝቶብኝ ነው» አላት።

ዋጋዬ ፈገግ ለማለት ሞከረች። የሚወዱት ሰው በሩ ላይ ቆመው ሲያንኳኩ እንደማይከፍት ማየት ምን ያህል እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል።

ቅዳሜ ዕለት ዓለምነው ግምጃ ቤት ሄደ። ደብሪቱ ጭቃ እያቦካች አገኛት። እጇ ጭቃ ስለነበር በክንዷ አንገቱን ስባ ሳመችው። በአገውኛ «ከሳህብኝ» አለችው።

«እማ፣ ባዛሩ ላይ አትምጪ።»

የደብሪቱ እጅ ጭቃው ላይ ቆመ። «ቃል ሰጥቻለሁ እኮ ልጄ። ያቺ የጨዋ ልጅ ራሷ መጥታ ነው የጠራችኝ። እርስዎ ነው የምትለኝ፤ እኔን! ስለ አንተ ግን ምንም አልነገርኳትም። እንዳስጠነቀቅኸኝ ነኝ።»

«ሰው ያውቅብናል።»

«ማን አውቆ? እንደማላውቅህ እሆናለሁ። ቀና ብዬም አላይህ።» እጇን ወደ ጭቃው መለሰች። «ያን ሁሉ ሕዝብ ቆመህ ስታዘው አንድ ጊዜ ልይ ብዬ ነው። ከሩቅ ይበቃኛል።»

«እናቴ ሆነሽ ነይ» ማለት ነበረበት። እሱ ግን ዕፎይ አለ። በመንገዱ ላይ ያ ዕፎይታ ደረቱ ውስጥ እንደ ቆሻሻ ነገር ተጋደመበት፤ አውጥቶ ሊጥለው ፈልጎ አቃተው።

ጥር ሲጋመስ ባዛሩ ደረሰ። የጧቱ ውርጭ እንደለቀቀ ሜዳው በሰው ተሞላ። ፈረሶቹ በጌጣቸው አምረው ከየአቅጣጫው ገቡ። ዳሱ ሁሉ በቀርከሃ የተሠራ ነበር። ዓለምነው ያሰበው ሁሉ ሰመረለት፤ ሽማግሌዎቹ ጉግሱን እያዩ የራሳቸውን ዘመን ማውራት ጀመሩ፣ ልጆቹ በቴአትሩ መካከል ቃላቸውን ረስተው ሕዝቡን አሳቁት፣ ሀብቱ ግራማፎኑን እንደ ታቦት ተሸክሞ መጣ። የቶምቦላው በግ ሁለት ጊዜ አምልጦ ሁለት ጊዜ ተያዘ።

ለደብሪቱ የመረጠላት ቦታ ከፈረሶቹ ማሰሪያ ኋላ ነበር። ማንም በዚያ አያልፍም፤ የሚያልፈው አቧራ ብቻ ነው። ሰው እንዳያያት፣ እሷ ግን ከሩቅ እንድታየው ነበር ያሰበው።

ከረፋዱ በኋላ ዞር ሲል ቦታው ባዶ ሆኖ አገኘው።  እናቱ ሜዳው መካከል፣ ከጥልፉ ዳስ ጎን ተቀምጣለች። ዋጋዬ ራሷ ድስቶቹን አግዛ ተሸክማ አምጥታታለች። ሰው በሩቁ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ደብሪቱ ጭቃውን እያዞረች ስታቃናው፣ ሆዱ ሲወጣ፣ ከንፈሩ ሲሳል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን ይዞ ያያል። ዓለምነውም ሳይወድ በግድ አየ። እናቱ ስትሠራ እንዲህ ቆንጆ መሆኗን እስከዚያች ቀን ልብ ብሎ አያውቅም ነበር።

ግራዝማች አዝመራው ሰዉን ከፍለው መጡ። ፊታቸው እንደወትሮው አልነበረም፤ የከበዳቸው ነገር ያለ ይመስላል። ድስቶቹን ተራ በተራ አዩ።

«የመጀመሪያውን ኮሚቴው ይግዛ» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ወደ ዓለምነው ዞሩ። «መምህር፣ የዝግጅቱ ባለቤት አንተ ነህ። ተቀበላት።»

ደብሪቱ እጇን ታጠበች። ከሁሉ አስበልጣ ያለሰለሰችውን ድስት አነሳች፤ ብድግ አለች፤ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ዕድሜዋን ሙሉ መሬት ስታስቀምጥ የኖረች ሴት ናት። ዛሬ ግን የምትሰጠው ለልጇ ነበርና እጇ ልማዱን ረሳ። አላይህም ያለችውም ቀረና ዓይኗን ቀና አድርጋ አየችው።

ዓለምነው የተሰነጣጠቁትን ጣቶች አየ። ሕዝቡን አየ። ዋጋዬን አየ፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በዓይኗ ትለምነዋለች። ምን እንደምትለምነው አልገባውም። የሚታየው ሀብቱ ብቻ ነበር፤ በሰዉ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ አንዴ የሴቲቱን ግንባር አንዴ የእሱን ግንባር የሚያነጻጽር መሰለው።

«መሬት ላይ አስቀምጪው» አላት በአማርኛ።

ከሕዝቡ ማንም አልደነቀውም። ልማዱ ነዋ። የደብሪቱ እጅ ብቻ አየር ላይ ትንሽ ቆየ።

«እሺ ጌታዬ» አለች። ጎንበስ ብላ አስቀመጠችው።

ግራዝማች ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ዞረው ሄዱ። ዋጋዬ ግን ሰዉን ጥሳ ገባች፤ ደብሪቱ ፊት ተንበርክካ እጆቿን ያዘች፤ ሳመቻቸው። ክቡ አጉረመረመ። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» አለች። ዋጋዬ ቀና ሳትል ቆየች፤ ስትነሳ ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። ወደ ዓለምነው አልዞረችም።

በቀርከሃው አጥር በኩል ሮጦ ደረሰባት። ከሜዳው የግራማፎኑ ዘፈን ይሰማል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል።

«ዋጋዬ፣ ስሚኝ...»

«ሰምቻለሁ። ሁሉም ሰው ሰምቷል።»

«አታውቂም እኮ! ያቺ ሴት...»

«እናትህ ናት።»

አጥሩን ያዘ።

«ካወቅሁ ቆየሁ» አለችው። ድምፏ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የባሰው። «ግምጃ ቤት ገበያ ላይ ግንባርህን አየሁት። ጠበቅሁህ፣ ዓለምነው። አንተ ስትፈራ እኔ መንገድ ልሥራልህ ብዬ ነው ሸክላ ይጨመር ያልኩት። በገዛ እጅህ እንድታቀርባት። በር ሁሉ ከፈትኩልህ።»

«ልነግርሽ ነበር። አባትሽን ፈርቼ...»

«አባቴም ያውቃሉ።»

ዓለምነው ዞሮ ወደ ሜዳው አየ።

«ዛሬ ጧት ነገርኳቸው። ካለ እሱ አላገባም አልኳቸው። ጮሁ፤ ከቤት ውጪልኝ አሉ። ኋላ ቁጭ ብለው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ያሉኝን ልንገርህ? ‹እናቱን በሰው ፊት እናቴ የሚል ወንድ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ፤ የሚያሙኝ ይሙኝ› አሉ። ተቀበላት ያሉህ ለዚህ ነበር። አንድ ድስት፣ ዓለምነው። ከእጇ መቀበል ብቻ ነበር።»

«አሁን ልመለስ!» አለ እጇን ይዞ። «አሁኑኑ በሕዝቡ ፊት እናቴ ናት እላለሁ። ድስቱንም...»

ዋጋዬ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች። «አሁንማ የምትቀበላት ለእኔ ብለህ ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት ነው። 

«አትወጂኝም ማለት ነው?» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ልጅ።

«እወድሃለሁ። ባልወድህ ኖሮ እንዲህ አልቃጠልም ነበር። ግን አንድ ቀን እኔም የማሳፍርህ ቀን ይመጣል፤ እታመማለሁ፣ አረጃለሁ። ያን ቀን እኔንም መሬት ላይ ታስቀምጠኛለህ። ከእንግዲህ ሽማግሌ አትላክ።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ሄደች። እሱ አጥሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የሚያስለቅሰው ነገር ሞልቶት ሳለ እንባ እምቢ አለው።

ወደ ሜዳው ሲመለስ ደብሪቱ ያልተሸጡትን ድስቶች በጭድ እየጠቀለለች ነበር። ሰው በዙሪያዋ ይመላለሳል። አጠገቧ ተንበረከከ።

«እማ» አላት በአገውኛ፣ ጮክ ብሎ። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

ደብሪቱ ደንግጣ ግራ ቀኝ አየች። «ዝም በል፣ ልጄ! ሰው ይሰማል» አለችው በሹክሹክታ። ደግሞም ፈገግ አለችለት። «ተነስ፣ ሱሪህ ይቆሽሻል። ሁሉን ነገር እንዴት አሳምረህ እንዳሰናዳኸው አየሁ እኮ። ደስ ብሎኛል።»

ይሄኔ ነው እንባው የመጣው። እናቱ በሰው ዓይን እንዳይገባ እየሸፈነችው፣ ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ፣ መጠቅለሏን ቀጠለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሕዝቡ ተበተነ። የቆርቆሮው ገንዘብ ከተጠበቀው በላይ ተገኝቶ ነበርና ሀብቱ በየደጁ እየዞረ ያበስር ጀመር። ግራዝማች አዝመራው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ልጃቸውን ጓዳ ውስጥ፣ መደቡ ላይ ተደፍታ አገኟት። 

ዋጋዬ ዱካቸውን ሰማች። «አላልኩሽም?» ሊሉኝ ነው ብላ ራሷን ይበልጥ ቀበረች። ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ ይሻላት ነበር።

ግራዝማች በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። አጠገቧ ተቀምጠው የማያውቁት ሰው ዛሬ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። 

«እኔም እኮ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ይቀበላታል ብዬ ነበር።»